በውርጌሳ ሰማይ ላይ የማይታየው ብርሃን፦ የጋላክሲያችን ጋማ ጨረር ከየት ይመነጫል?

ከወልድያ በመርሳ አድርጎ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የውርጌሳ ሌሊት ከትልልቅ ከተሞች ሌሊት ይለያል። ጨረቃ ባልወጣችበትና ሰማዩ በጠራበት ምሽት ከመብራቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ቀና ያለ ሰው፣ ከአድማስ እስከ አድማስ የተዘረጋ ነጣ ያለ ጎዳና ያያል። ስሙ በግእዝ ፍኖተ ሐሊብ ነው፤ የወተት መንገድ ማለት ነው። ይህ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብትን፣ በመካከላቸውም የተበተነ ጋዝና አቧራን የያዘው ጋላክሲያችን ከውስጡ ሆነን ስናየው የሚሰጠን መልክ ነው። ፀሐይም ምድራችንም የዚያው ቤተሰብ ናቸው።

ዐይናችን ግን ከዚህ ጎዳና የሚያየው ጥቂቱን ነው። ያው ጎዳና ቀንም ሌትም በሌላ ዓይነት ብርሃን ያበራል፤ እርሱም ጋማ ጨረር ነው። ብርሃን የሚመጣው እጅግ በጣም ትንንሽ በሆኑ የኃይል እሽጎች ነው። ዐይን የሚያየው የአንዱ እሽግ ኃይል ሁለት ወይም ሦስት ኤሌክትሮን ቮልት ቢሆን ነው። ከፍኖተ ሐሊብ የሚመጣው ጋማ ግን ከመቶ ሺህዎች ይጀምርና በቢሊዮንና በትሪሊዮን የሚቆጠር ኤሌክትሮን ቮልት ይይዛል።

ይህ ልዩነት የቁጥር ብቻ አይደለም። ቀጥቃጭ ብረቱን ከወናፉ ፊት ሲያግለው መጀመሪያ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ነጭነት ይለወጣል። ከዋክብትም የሚያበሩት በዚሁ ሕግ ነው፤ የፀሐይ ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚሞቅ ብርሃኗ እንደምናየው ሆነ። ሆኖም የየትኛውም ኮከብ ገጽ የቱንም ያህል ቢግል በቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሚለካ ጋማ ማውጣት አይችልም። ስለዚህ በጋማ የሚያበራ ሰማይ ሲታይ፣ እዚያ ቦታ ከተራ ግለት ውጭ የሆነ ነገር እየተፈጸመ ነው ማለት ነው። ያ ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ነው ሳይንቲስቶችን ከመቶ ዓመት በላይ ያስጨነቀው።

ወደዚያ ከመዝለቃችን በፊት ግን ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያነሣውን ጉዳይ ማየት ይገባል። ጨረር ሲባል ጉዳት ይታሰባል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ጋማ ጨረር ሕያው ሕዋስን ይጎዳል። ሐኪሞች ይህንኑ ጠባዩን ለበጎ አውለውታል፤ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከኮባልት የሚወጣ ጋማ ጨረር ለካንሰር ሕክምና ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። በቃሊቲም ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለመቀነስ፣ በማዕከል የተራቡ ወንድ ዝንቦችን በጋማ ጨረር ማምከን ተሠርቶበታል፤ የመከነው ወንድ የሚያገኛት ሴት ዝንብ ዘር አትተካም። ታዲያ ከሰማይ የሚመጣው ጋማ ሰውን፣ ከብቱንና አዝመራውን አይነካም ወይ ቢባል፣ መልሱ በመካከል ባለው አየር ላይ የተመሠረተ ነው።

አየር ቀላል ቢመስልም ከላያችን ያለው ክምችት ከባድ ነው። ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ ቦታ፣ ወልድያ ለዚህ ትቀርባለች፣ ከራሳችን በላይ ያለው አየር ሁሉ ቢመዘን 8 ሜትር ጥልቀት ካለው ውኃ ጋር እኩል ይከብዳል። ከጠፈር የመጣ የጋማ እሽግ ይህን ሁሉ ዘልቆ መሬት አይደርስም፤ ከፍ ካለው አየር ጋር ተጋጭቶ ይበታተናል። በዓለም አማካይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ምንጮች በዓመት ከሚደርሰው 2.4 ሚሊሲቨርት የጨረር መጠን ውስጥ ከጠፈር የሚመነጨው 0.4 ገደማ ነው። የቀረው ከእግራችን ሥር ካለው አፈርና ድንጋይ፣ ከምንተነፍሰው አየርና ከምንበላው እህል ነው። ሙዝም፣ ጤፍም፣ ማሾም ፖታሲየም አላቸው፤ ከፖታሲየም ጥቂቱ ክፍል ደግሞ በተፈጥሮው ጋማ ያወጣል። ሰው ሲፈጠር ጀምሮ የኖረበት መጠን ስለሆነ የሚያስፈራ ነገር የለውም።

የአየሩ ጋሻነት በአንድ ቀን በግልጽ ተፈትኗል። ታኅሣሥ 18 ቀን 1997 ዓ.ም. ከጋላክሲያችን ማዶ፣ ቀውስ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ አቅጣጫ ካለች አንዲት የሞተች ኮከብ ብርቱ የጋማ ብልጭታ ወጣ። በአንድ ሴኮንድ ሩብ በማይሞላ ጊዜ ፀሐይ በመቶ ሺህ ዓመት ከምታወጣው የሚበልጥ ኃይል ተለቀቀ። ብልጭታው በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት ተጉዞ ሲደርስ የምድርን የላይኛውን አየር የኤሌክትሪክ ጠባይ ለጊዜው አናውጧል። መሬት ላይ ግን ማንም አልተጎዳም፤ መሣሪያዎቹ ባይመዘግቡት ኖሮ መድረሱንም የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። ጋማ ጨረርን እ.ኤ.አ. በ1900 ፈረንሳዊው ፖል ቪላርድ በሬዲየም ሲመራመር አገኘው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ራዘርፎርድ ስሙን አወጣለት። በዚያ ዘመን ጨረር ሁሉ ከምድር ድንጋዮች የሚወጣ ይመስል ነበር። ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ ግን ይህን ለመፈተሽ የመለኪያ መሣሪያውን ይዞ በባሎን ተነሣ። ነገሩ ከምድር ቢሆን ኖሮ ከፍ ባለ ቁጥር በቀነሰ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1912 ከ5,000 ሜትር በላይ ሲወጣ ግን ጨረሩ ከምድር ላይ ካለው በእጅጉ በርትቶ አገኘው። ምንጩ ከላይ ነበር።

ከላይ ሲባል መጀመሪያ የምትጠረጠረው ፀሐይ ናት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላና በአካባቢዋ የታየውን ቀለበት መሳይ የፀሐይ ግርዶሽ የሚያስታውስ ሰው የሄስን ዘዴ በቀላሉ ይረዳዋል። ሄስ በዚያው በ1912 በሚያዝያ ወር በደረሰ የፀሐይ ግርዶሽ ሰዓት በባሎኑ ወጥቶ ለካ። ጨረቃ ፀሐይን ብትጋርድም ጨረሩ አልቀነሰም። ምንጩ ከፀሐይ የራቀ መሆኑ ታወቀ፤ ሄስም በ1936 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በኋላ ሲጠና፣ ሄስ ያገኘው በአብዛኛው ብርሃን ሳይሆን ከብርሃን ፍጥነት ጋር በተቀራረበ ፍጥነት የሚበርሩ የአተም ፍርፋሪዎች፣ በተለይም ፕሮቶኖች እንደሆኑ ተደረሰበት። ኮስሚክ ጨረር የሚለው ስም ግን አልተለወጠም።

ችግሩ እነዚህ ቅንጣቶች ከየት እንደመጡ ራሳቸው አለመናገራቸው ነው። ፕሮቶን የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው በጋላክሲው ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ መስክ እያጠማዘዘ ያዞረዋል። በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲዞር ኖሮ ሲደርሰን የመጣበት አቅጣጫ ከተነሣበት ቦታ ጋር ግንኙነት የለውም። ለሐብሩ ቆላ ገበሬ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደራሽ ውኃ ከደጋው ሲወርድ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ደፍራሹን ውኃ እያየ ዝናቡ በየትኛው ተራራ እንደጣለ ከውኃው ሊያውቅ አይችልም፤ ብዙ ሸለቆ ተቀላቅሎበታል። መብረቁን ግን ያየ ሰው ያውቃል። ብርሃኑ ከተነሣበት ተራራ ቀጥ ብሎ ይመጣልና። ጋማ ጨረር ለኮስሚክ ጨረር እንደዚያ መብረቅ ነው። የኤሌክትሪክ ሙል የለውም፤ መግነጢሳዊ መስክ አያጣምመውም፤ ከምንጩ ቀጥ ብሎ ይጓዛል።

የጎዳናው ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም በጥቂት ጠብታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጠቀች የአሜሪካ ሳተላይት ከአንድ ዓመት በላይ ጠብቃ ከሰማይ የቆጠረችው 621 የጋማ እሽግ ብቻ ነበር። ግን ያ ትንሽ ቁጥር በሰማዩ ላይ እኩል አልተበተነም፤ በፍኖተ ሐሊብ መስመር ላይ ተሰልፎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የተላኩት እየተሻሻሉ መጥተው ሰኔ 2008 እ.ኤ.አ. ፌርሚ የተባለችው የናሳ ሳተላይት ተተከለች። ፌርሚ ከምድር ወደ 550 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ ሰሜንና ደቡብ ከ26 ዲግሪ በማያልፍ ክልል ውስጥ ትዞራለች፤ ኢትዮጵያ በሙሉ ከመንገዷ ሥር ናት ማለት ነው። በየሦስት ሰዓቱ ሰማዩን ሁሉ ትቃኛለች። እስካሁን ከ5,000 በላይ የጋማ ምንጮችን ለይታለች፤ ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሆኑት ግን ከእኛ ጋላክሲ ውጭ፣ እጅግ ሩቅ ያሉ ናቸው።

በፌርሚ ካርታ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ነጠላ ነጥብ አይደለም። ጎዳናው ራሱ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በቀጭን ጭጋግ መልክ ያበራል። ይህ የተሰራጨ ብርሃን የሚፈጠረው በግጭት ነው። የሚበርር ፕሮቶን በከዋክብት መካከል ከተበተነው ጋዝ አንዱን አተም ሲመታ ፓዮን የሚባል ቅንጣት ይወለዳል። የፓዮን ዕድሜ ለማሰብ እንኳ የሚያስቸግር ነው፤ ሴኮንድ ለአንድ ሚሊዮን ተከፍሎ፣ ክፋዩ እንደገና ለአንድ ቢሊዮን ቢከፈል ከዚያ ያነሰ። ወዲያው ተሰንጥቆ ሁለት የጋማ እሽግ ይሆናል። ጋዝ በበዛበት ብርሃኑ ይበዛል፤ ጋዝ በሳሳበት ይሳሳል። ስለዚህ በጋላክሲያችን ከሚመነጨው ጋማ ትልቁ ድርሻ ከከዋክብት ሳይሆን በከዋክብት መካከል ካለው ባዶ ከሚመስል ሜዳ የሚመጣ ነው። እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ ይህ ነው፤ ዐይን ምንም የለበትም የሚለው ቦታ በጋማ ሲታይ ከሁሉ ይልቅ ያበራልና።

ታዲያ ፕሮቶኑን ማን ወረወረው? ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የሚጠብቅ ሰው መልሱን በእጁ ይዞታል። በወንጭፍ የሚወረወር ድንጋይ ጉልበት የሚያገኘው በአንድ ምት አይደለም፤ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያገኘ ይፈጥናል፣ በመጨረሻ ሲለቀቅ ይወነጨፋል። ጣሊያናዊው ኤንሪኮ ፌርሚ እ.ኤ.አ. በ1949 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ይቀራረባል፤ ሳተላይቷም በእርሱ ስም ተሰይማለች። ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ ሲፈነዳ፣ ሱፐርኖቫ የሚባለው ይህ ነው፣ የወጣው ፍርስራሽ በሴኮንድ በሺህዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እየገፋ በፊቱ ያለውን ጋዝ እንደ ግድግዳ ይጠርገዋል። ቅንጣቱ በመግነጢሳዊ መስክ ተይዞ ከግድግዳው ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ኃይል ይጨምራል። ከብዙ ዓመታት ምልልስ በኋላ ያመልጣል።

ሐሳቡ ለረዥም ጊዜ አሳማኝ ሆኖ ቢቆይም ማስረጃ አልነበረውም። የሱፐርኖቫ ቅሪቶች በጋማ እንደሚያበሩ ታይቶ ነበር፤ ነገር ግን ኤሌክትሮኖችም ጋማ ማውጣት ስለሚችሉ ፕሮቶን ነው ብሎ መማል አይቻልም ነበር። ከፓዮን የሚወጣ ጋማ ግን የራሱ ምልክት አለው፤ ከተወሰነ ኃይል በታች በድንገት ይቀንሳል። በየካቲት 2013 እ.ኤ.አ. የፌርሚ ተመራማሪዎች በሁለት የሱፐርኖቫ ቅሪቶች ላይ ይህንን ምልክት እንዳገኙ አስታወቁ። አንደኛው ገውዝ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ወደ 5,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ይገኛል። ሄስ በባሎን ከወጣ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ቢያንስ አንዱ ወንጭፍ በዐይን ታየ ማለት ይቻላል።

ገውዝ፣ ሠውር፣ ቀውስና ዐቅራብ የሚሉት ስሞች ለብዙ አንባቢ የሚታወቁት ከኮከብ ቆጠራ ነው። ሥነ ፈለክ በእነዚህ ስሞች የሚጠቀመው የሰውን ዕጣ ለመንገር ሳይሆን የሰማይን አድራሻ ለመንገር ነው፤ ወረዳና ቀበሌ ብሎ እንደመጥራት ያለ ነው።

ሁለተኛው የጋማ ምንጭ ከዚሁ ፍንዳታ የሚተርፈው አስከሬን ነው። የኮከቡ መሐል ክፍል ተጨምቆ ከፀሐይ የሚከብድ ነገር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ኳስ ይታጨቃል። በእንዝርት የምትፈትል እናት እንደምታውቀው የሚሾር ነገር ሲጠብብ ይፈጥናል፤ ይህች የኒውትሮን ኮከብም በአስደናቂ ፍጥነት ትሾራለች። የምታወጣው ጨረር እየዞረ ስለሚመጣ እንደሚጠፋና እንደሚበራ ፋኖስ ይታያል፤ ፐልሳር የተባለችውም በዚህ ነው። ቻይናውያን የሰማይ ተመልካቾች እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1054 በሠውር አካባቢ አዲስ ኮከብ ወጥታ ለ23 ቀናት በጠራራ ፀሐይ ስትታይ መዝግበዋል። ይህ የሆነው የላሊበላን ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ያሠራው ንጉሥ ከመንገሡ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ነው። ዛሬ በዚያ ቦታ የክራብ ኔቡላ የሚባል የተበተነ ፍርስራሽ አለ፤ በመሐሉም በሴኮንድ 30 ጊዜ የምትሾር ፐልሳር ተቀምጣለች። ርቀቷ 6,500 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው።

የገውዟ ጌሚንጋ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በጋማ ብርቱ ሆና ስትገኝ በሌላ ብርሃን ሲፈልጓት አልተገኘችም። ስሟ በሚላኖ ጣሊያንኛ ዘዬ «እዚያ የለም» እንደማለት ነው፤ ሳይንቲስቶችም ቀልድ ይወዳሉ። ለሃያ ዓመት ያህል ምንነቷ ሳይታወቅ ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1992 ከሦስት መቶ ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረች፣ በሴኮንድ አራት ጊዜ ገደማ የምትሾር ፐልሳር መሆኗ ታወቀ።

ከሁሉ ይልቅ ለገበሬ የሚቀርበው ግን ሦስተኛው ምንጭ ይመስለኛል። ከጎዳናው ከሚመጣው ጋማ መካከል ልክ 1.8 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት የሆነ፣ እንደ ጣት አሻራ የማይሳሳት አንድ ዓይነት አለ። የሚያወጣው አሉሚኒየም 26 የተባለ የአሉሚኒየም ዓይነት ነው። ይህ ነገር አይበረክትም፤ ከ700 ሺህ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ግማሹ ይጠፋል። ጋላክሲያችን ግን ከ10 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በጥንት የተሠራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አንድም አይገኝም ነበር። ስለዚህ ከዋክብት ዛሬም ንጥረ ነገር እየሠሩ ወደ ጠፈር እየበተኑ ነው። ኢንቴግራል የተባለችው የአውሮፓ ሳተላይት የለካችው መጠን በጋላክሲያችን በመቶ ዓመት ሁለት ያህል ትልልቅ ከዋክብት እንደሚፈነዱ ያሳያል።

አሉሚኒየም 26 ሲከስም ማግኒዚየም ይሆናል። ማግኒዚየም ደግሞ የቅጠልን አረንጓዴ ቀለም የሚሠራው ቅንጣት እምብርት ነው፤ ሲያንስ ቅጠሉ በጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። በሐብሩ ማሳ ላይ የቆመው ማሽላ የተሸከመው ማግኒዚየም ምድር ከመፈጠሯ በፊት በከዋክብት ውስጥ የተሠራ ነው፤ ከዚያም ጥቂቱ በአሉሚኒየም 26 በኩል ጋማ እያወጣ ያለፈ ነው። በደማችን ያለው ብረትም፣ በአጥንታችን ያለው ካልሲየምም መነሻቸው ከዚያው ነው።

የቀረው የጋላክሲው መሐል ነው፤ ክርክሩም ያለው እዚያ ነው። ከእኛ 26,000 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ በቀውስ አቅጣጫ፣ አራት ሚሊዮን ፀሐይ የሚመዝን ብላክ ሆል ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዚህ መሐል ወደ ላይና ወደ ታች የተነፉ፣ እያንዳንዳቸው 25,000 የብርሃን ዓመት የሚረዝሙ ሁለት ግዙፍ የጋማ አረፋዎች በፌርሚ መረጃ ውስጥ ተገኙ። ብላክ ሆሉ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ብዙ ጋዝ ውጦ የተፋው ነው የሚሉ አሉ፤ በአንድ ዘመን ብዙ ከዋክብት ተወልደው በመፈንዳታቸው የተነፋ ነው የሚሉም አሉ። ከዚህ ሌላ ከመሐሉ ዙሪያ ከሚጠበቀው በላይ የሆነ ጋማ ይመጣል። ገሚሱ ተመራማሪ ጨለማ ቁስ ከተባለው፣ እስካሁን ማንም ካልያዘው ነገር ነው ይላል። ሌላው ደግሞ አንድ በአንድ ለመለየት የራቁ በሺህዎች የሚቆጠሩ አሮጌ ፐልሳሮች ድምር ነው ባይ ነው። ፐልሳሮቹ ያልታወቀ ነገር ስለማያስፈልጋቸው ሁለተኛው ሐሳብ የተሻለ ይመስላል፤ ሆኖም ክርክሩ አልተቋጨም።

ይህን መሐል በደንብ ከሚያዩት መሣሪያዎች አንዱ በአፍሪካ ምድር ላይ ነው። ናሚቢያ ውስጥ በኮማስ ደጋ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ከፍ ባለ የእርሻ ይዞታ ላይ በቪክቶር ሄስ ስም የተሰየሙ አምስት ቴሌስኮፖች ቆመዋል። እዚህ ላይ አየሩ ጋማን ያግዳል አላልንም ወይ የሚል ይኖራል። ብልሃቱ ያ ነው። ብርቱ የጋማ እሽግ ከላይ አየርን ሲመታ የቅንጣቶች ዶፍ ይወርዳል፤ ዶፉ ቼረንኮቭ የሚባል ሰማያዊ ብልጭታ ያወጣል። ብልጭታው የሚቆየው በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ለሚቆጠር ጊዜ ስለሆነ ዐይን አያየውም፤ ሰፊ መስታወት ያላቸው ቴሌስኮፖች ግን ይይዙታል። ጋሻው ራሱ መመልከቻ ሆነ ማለት ነው። እነዚህ ቴሌስኮፖች በጎዳናው ላይ ባደረጉት ቅኝት እ.ኤ.አ. በ2018 የ78 ምንጮችን ዝርዝር አወጡ። ከዚያ በፊት በ2016 ከጋላክሲው መሐል አጠገብ እጅግ ብርቱ ፕሮቶኖች የሚወነጨፉበት ስፍራ እንዳለ አስታውቀዋል።

ብርቱዎቹን እሽጎች በመያዝ ግን ቻይና ቀድማለች። በሲቹዋን ግዛት 4,410 ሜትር ከፍታ ላይ የተሠራው መመልከቻ እ.ኤ.አ. በ2021 ከፍኖተ ሐሊብ 12 እጅግ ብርቱ ምንጮችን ይፋ አደረገ፤ ከአንዱ የመጣው እሽግ 1,400 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነበረው። ከፍታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ተራራው ከፍ ሲል በላይ ያለው አየር ይሳሳል፤ የቅንጣቶቹ ዶፍም ሳይከስም ይደረስበታል።

በአገራችን በእንጦጦ ተራራ በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። የሚያዩት ተራውን ብርሃን ነው፤ የአዲስ አበባ መብራትም ይጫናቸዋል። ከከተማ መብራት የራቁት የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ለሌላ መመልከቻ መታጨታቸው በወቅቱ የተነገረውም ለዚህ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ በዚያው አካባቢ ነው። የጋማ መመልከቻ ግን ከፍታ ብቻ አይበቃውም፤ መንገድ፣ ኤሌክትሪክ፣ ሰላምና ለዓመታት የማይቋረጥ ገንዘብ ይፈልጋል።

እስከዚያው ምንጮቹ ያሉበትን አቅጣጫ ማየት ለሚሻ ሰው ውርጌሳ ጥሩ ቦታ ናት። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲታይ ጎዳናው ሰፍቶና ደምቆ የሚታይበት ቦታ አለ፤ የጋላክሲው መሐል በዚያ አቅጣጫ ነው። በጥር ወር፣ በከተራ ምሽት ደግሞ፣ ከምሽቱ አራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማየት ይበቃል። በ1054 የፈነዳችው ኮከብ ቅሪት ከአናት ጥቂት ወደ ሰሜን ዘንበል ብሎ ያልፋል፤ ጌሚንጋም ከአንድ ሰዓት በኋላ ትከተላለች። ሁለቱም በዐይን አይታዩም።